ጠፍቶ የሚያልቅ ባትሪ

የከተማችንን ስም አልነግራችሁም። ልደብቃችሁ ፈልጌ አይደለም። ስሟ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ላፕቶፑ ውስጥ፤ ላፕቶፑ ደግሞ የምነግራችሁ ነገር በሆነ ሰሞን አልነሳ ብሎ ነበር። እኛ የምንኖርባት ሰዎች "እዚህ" ነው የምንላት። እስካሁን መንገዱ የጠፋበት የለም።

ዘርትሁን እባላለሁ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው፣ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ስድስተኛ ክፍል እንዳልገባ የከለከለኝ ሰው የለም፤ በሩ ተሠርቷል፣ በላዩም "ስድስተኛ" ተብሎ ተጽፏል፣ ስትከፍቱት ግን ሜዳ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ሜዳው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ዝናብ መጣ። ስለዚህ አጻጻፌ ካላማራችሁ ዝናቡን ውቀሱ።

አባቴ አቶ ይመኑ የከተማው አጥፊ ነው። ከሌላ አገር ለመጣ ሰው ስድብ ሊመስል ይችላል። በእኛ ዘንድ ሥራ ነው። የመክፈቻ ሹም አለ፣ ጠዋት የሚከፈተውን ሁሉ ይከፍታል። አጥፊ አለ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠፋውን ሁሉ ያጠፋል፤ የወፍጮውን ሞተር፣ የአደባባዩን ድምፅ ማጉያ፣ የጤና ጣቢያውን ፍሪጅ፣ በመጨረሻም ላፕቶፑን። ፍሪጅ ለምን ይጠፋል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እኔም ጠይቄ "ዝርዝሩ ላይ አለ" ነው የተባልኩት። አባባን ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ቁልፍ ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። የሥራው ስም ግን የእሱ ነው።

ሙያውን ያስተማረኝ በአንድ ቀን ነው። "አጥፍተሽ ወዲያው እንዳትሄጂ" አለኝ። "እጅሽን ሆዱ ላይ አድርጊና ቁሚ። ሲበርድ ያን ጊዜ ጠፍቷል። ካልበረደ ዓይኑን ነው የጨፈነው።"

መጀመሪያ ሰሞን እንዳለኝ እጄን አድርጌ እቆም ነበር። በኋላ ሰለቸኝ። ቁልፉን ጫን፣ በሩን ቆለፍ፣ ወደ ጓደኞቼ ሮጥ። ይህን አሁን የምጽፈው ያኔ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው፤ እንደምታዩት የሆነ ያልሆነውን ሁሉ ሲጠይቁ ይህችን ሳይጠይቁኝ ቀሩ።

ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የሁላችንም ስም ነው፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አደባባይ ይወጣና ስማችን ይጠራል። የተጠራ ሰው "አለሁ" ይላል፣ ያን ቀንም አለ። ያልተጠራ ደግሞ ያን ቀን የለም። ውሃ አይቀዳም፣ እህል አያስፈጭም፣ ሰላም ቢል መልስ አያገኝም። ጥሪው ደግሞ ፀሐይ የአደባባዩን ግንድ ሳትነካ ማለቅ አለበት። ከነካችው ቀኑ ያልተጠራ ቀን ይባላል። ያልተጠራ ቀን አይቆጠርም፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ወፍጮ አይዞርም፣ በዚያ ቀን የተሠራ ነገር ሁሉ እንዳልተሠራ ነው።

በከተማችን መብራት የሚመጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ነው። በዚያ ውስጥ ላፕቶፑ መቶ ፐርሰንት ይሞላል። ዘጠኝ ሲሆን አጠፋዋለሁ፣ ማሳረፊያ ክፍል ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ለዓመታት እንዲህ ኖረን፣ አንድ ማለዳ የመክፈቻ ሹሙ አቶ ፈንቴ ቁልፉን ቢጫኑት አንዴ ቀይ ብልጭ አለና ጨለመ። ዜሮ። በማግስቱም ዜሮ። ሞልቶ የተኛ ነገር ባዶ ሆኖ ይነሳ ጀመር።

አጣሪ ተቋቋመ። ሦስት ወንበር ነበረው፤ ሰው ስላልተገኘ ሁለቱን አቶ ፈንቴ ያዙት። ሦስተኛው ላይ የተቀመጡት ቃል ያዡ አቶ ልሳኑ ናቸው። ቃል ያዥ የተባለውን ቃል እንደተባለ ይይዛል። ትርጉሙን መያዝ የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ያ ሰው ግን ገና አልተሾመም።

መጀመሪያ ባትሪውን ሚዛን ላይ አወጡት። ሞልቶ መዘኑት፣ ባዶውን መዘኑት፣ ልዩነት የለውም። አጣሪው ከዚህ ተነስቶ፣ ባትሪውን የሚሰርቀው ሰው እንዳይታወቅበት በወሰደው ልክ ሌላ ነገር ይጨምርበታል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ።

ቀጥሎ ጥበቃ ቆመ። ጠባቂው አቶ ፈንቴ ራሳቸው ሆኑ፤ ቀድሞም ሌሊት እየገቡ መጥፋቱን የማየት ልማድ ነበራቸው። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ማለዳ በየሰዓቱ እየገቡ፣ ክዳኑን ገልጠው፣ ቁልፉን ተጭነው፣ ሲበራ አይተው፣ መልሰው ከደኑት። ማለዳ ላይ ለአጣሪው ቃላቸውን ሰጡ። "አሥራ አራት ጊዜ ከፍቼዋለሁ። አሥራ አራቱንም ጊዜ ጠፍቶ ነው ያገኘሁት። በአሥራ አምስተኛው ግን አልከፈት አለኝ።"

አቶ ልሳኑ ጻፉት። ማንም አልሳቀም። እኔ ትንሽ ሳልኩ።

ከዚያ አባባ ተጠራ። ጉልበቱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ እኔን ተደግፎ ገባ። ደስ ብሎት ነበር እኮ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስለ ሙያው የሚጠይቀው ሰው አገኘ።

"አቶ ይመኑ፣ አጥፍተዋል?" አሉት አቶ ፈንቴ።

"አዎ፣ አጥፍቻለሁ።"

"አንድ ጊዜ ነው?"

"ኧረ በየቀኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳጠፋ ነው የኖርኩት።"

"ብቻዎን?"

"አሁን አሁን ልጄ ታግዘኛለች። ድሮ ከአባቴ ጋር ነበር የማጠፋው።"

"አባትዎም ያጠፉ ነበር?"

"እሱማ!" አለ አባባ፣ ዓይኑ በርቶ። "እሱ ሲያጠፋ የሚደርስበት አልነበረም።"

"ይጸጸታሉ?"

"በምኑ?"

አቶ ልሳኑ "በምኑ" ብለው ጻፉና መስመር አሰመሩበት። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የአባባን እጅ ጨመቅ አደረግኩት፣ እሱ ግን የደከመኝ መስሎት "ትንሽ ታገሺ" አለኝ።

ውሳኔው አጭር ነበር። አቶ ይመኑ በገዛ አንደበቱ ማጥፋቱን አምኗል፤ ጥፋተኛ ነው፤ ስሙ ከላፕቶፑ ይሰረዛል። ስረዛው የሚፈጸመው ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በመጀመሪያው የተጠራ ቀን፣ ጥሪው እንዳለቀ ነው። ያልተጠራ ቀን አይቆጠርምና በዚያ ቀን የተሰረዘ እንዳልተሰረዘ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ላፕቶፑ እስካልተነሳ ድረስ አባቴ አለ። ላፕቶፑ በተነሳ ቀን አባቴ የለም።

ስሙ የተሰረዘ ሰው አይገደልም፣ አይታሰርም፣ የትም አይሄድም። እዚያው ነው ያለው። ሰው ብቻ አያየውም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ተሰርዛ ነበር፣ ልጅ ሳለሁ። በቤታችን በር ስታልፍ አባባ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያስር ነበር። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም።

ያልተጠሩት ቀናት መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ ነበሩ፣ መዋሸት አልችልም። ከተማችን እንቅልፍ አታውቅም ነበር። ትልቁ ሰውዬአችን "ነቂው" ይባላሉ፤ ሥራቸው መንቃት ነው፣ ስለ ሁላችንም። ቢሯቸው ከማሳረፊያ ክፍሉ ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ መስኮቱ ወደ አደባባዩ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ቀንም ሌትም አንድ አረንጓዴ ዓይን ይበራል። ሰው ሲያልፍ "ነቅተዋል" ይልና ጎንበስ ብሎ ያልፋል። እሳቸው ነቅተው አንተ እንዴት ትተኛለህ ስለሚባል፣ አቶ ፈንቴ በፈለጉት ሰዓት የሙከራ ፊሽካ ይነፋሉ። እውነተኛው የድንገተኛ ፊሽካ ተነፍቶ አያውቅም፤ ሙከራው ግን በየቀኑ ነው።

ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚተኛው ለመነሳት ተዘጋጅቶ ነው። አባባ ሲተኛ ቀኝ እግሩን ከአልጋው ውጭ ያወጣል። ያ እግር ብቻውን ይነቃነቃል፣ ፊሽካ ሲሰማ መሬት ይረግጣል። "አባባ፣ ተኝተሃል?" ስትሉት ወዲያው "ተኝቻለሁ" ይላችኋል። ጠዋት ሲነሳ ፊቱ ከማታው የባሰ ነው። ያልተጠሩት ቀናት ሲመጡ ግን አቶ ፈንቴም ፊሽካ መንፋት ተዉ፣ የማይቆጠር ፊሽካ ምን ያደርጋል ብለው። ሰዉ አረፈ። ጎረቤታችን እትዬ ማንጠግቦሽ "ባሌ ለካ ዲምፕል አለው" ብላ ለመንደሩ ተናገረች።

በሰባተኛው ቀን ዱቄት ማለቅ ጀመረ። በስምንተኛው ቀን የእትዬ ማንጠግቦሽ ትንሿ ልጅ ጥሬ ስንዴ ስታኝክ አየኋት። ወፍጮው እዚያው ነው፣ እህሉ እዚያው ነው፣ መብራቱም በሰዓቱ ይመጣል። ቀኑ ብቻ አልተጠራም።

እኔ ነገሩን መፈተሽ የጀመርኩት ከውሳኔው ማግስት ነው፣ የሚሰርቀውን ሰው ካገኘሁት አባባን ይተዉታል ብዬ። ባልተጠራ ቀን የተሠራ እንዳልተሠራ ስለሚቆጠር ከልካይ አልነበረኝም። መጀመሪያ አቶ ፈንቴ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሼ ፈንቴ፣ ዛሬ አንድ ቀን አይክፈቱት።"

"ሳልከፍተው መጥፋቱን በምን አውቃለሁ?"

"ማለዳ ያውቁታል።"

"ማለዳ የሚታወቅ ነገርማ ማንም ያውቀዋል" አሉኝ፣ ግን ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ያን ሌሊትም ተከታዮቹንም ተኙ። በማግስቱ ላፕቶፑ ተነሳ፣ አርባ ስም ጠርቶም ወደቀ። ፀሐይ ግንዱን ነካች። የተጠሩት አርባ ሰዎች እንደኛው ወደ ቤታቸው ገቡ፣ ግን ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረባቸው።

ስለዚህ ባትሪውን ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ፣ መጥፋቱን ለማየት እየተባለ መብራቱ ነበር። አንዱ ብቻ ግን። ለአባባ ነገርኩት።

"ፈንቴ በፍጥነት ሲከፍት ሰው እንዲያደንቀው ይወዳል" አለ አባባ፣ ጉልበቱን እያሸ። "ላፕቶፑን ቶሎ ለመነሳት ተዘጋጅቶ እንዲተኛ አድርጎት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ስታጠፊው ግማሹ አይጠፋም። ቁልፉን ተጭነሽ አሥር ትንፋሽ ያዥው። ትንሿ መብራት ራሷ እስክትሞት።"

ጣቴን ጭኜ አሥር ትንፋሽ ቆጠርኩ። በስድስተኛው ትንሿ መብራት ሄደች፣ እኔ ግን አሥር ሞላሁ። በማግስቱ ላፕቶፑ እስከ ሦስት መቶ ስም ድረስ ሄደ። "መ" ላይ የነበሩት እነ እትዬ ማንጠግቦሽ ተጠሩ፣ "አለሁ" አሉ፣ የኔ ግን "ዘ" ላይ ነው፣ የአባባም "የ" ላይ፤ አልደረሰልንም። ላፕቶፑ ሲጠፋ ልቤ ያለቦታው ደስ አላት። ያን ጊዜ ነው ምን እያደረግሁ እንደሆነ በደንብ ያሰብኩት። አንድ ቀዳዳ በደፈንኩ ቁጥር ጥሪው ወደ አባቴ ስም እየቀረበ ነው።

በዚያ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያልሠራሁትን ሠራሁ። አጠፋሁት፣ እጄን ሆዱ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ጓደኞቼ ውጭ በስሜ ይጣራሉ። ቀኝ ጎኑ በረደ፣ መሐሉ በረደ። ግራ ጎኑ ግን ትኩሳት እንዳለው ልጅ ሞቅ እንዳለ ቀረ።

ከግራ ጎኑ፣ ፍላሽ ከሚሰካበት ቀዳዳ፣ አንድ ቀጭን ጥቁር ገመድ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ይገባል። ገመዱን ሁልጊዜ አየዋለሁ። "የሌባ ገመድ" ነው የሚባለው፣ ላፕቶፑ እንዳይሰረቅ የታሰረበት ነው ተብሎ ተነግሮናል። ማለዳ ሲወጣ አቶ ፈንቴ ይፈቱታል፣ ሲመለስ ያስሩታል። ይህን ክረምት ነው የመጣው። ገመድ ታስሮ ሌባ አልመጣም፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ገመዱ ይሠራል ይላል።

ነቀልኩት። በግድግዳው ስንጥቅ በኩል የነቂው ክፍል ውስጥ ይበራ የነበረው አረንጓዴ ጨለመ። ሰካሁት፣ በራ። ነቀልኩት፣ ጨለመ። በየማለዳው ለጥሪ ሲፈታም ይጨልም ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ግን ሰው ሁሉ የሚያየው ላፕቶፑን ነው። ዓይኔን ስንጥቁ ላይ አደረግኩ። ወንበሩ ላይ ትራስ አለ፣ ትራሱ የነቂውን ኮት ለብሷል፣ በኮቱ አንገት ላይ አውራ ጣት የምታክል አምፖል ተቀምጣለች። ነቂው ራሳቸው ከጥግ ባለው ሶፋ ላይ ናቸው። ያንኮራፋሉ፣ ያውም ጥሩ አድርገው፤ በከተማችን እንደዚያ የሚተኛ ሰው አይቼ አላውቅም።

ለካ የማይተኛው የሚበላው ከተኛው ነው።

ልሰካው ስል ከውጭ የእትዬ ማንጠግቦሽ ድምፅ መጣ። መስኮቱ ስር ጎንበስ ልትል ቆማ ኖሮ። "ኧረ ሰዎች" ትላለች፣ "ነቂው ጠቀሱኝ። በመድኃኔዓለም፣ ሁለት ጊዜ ጠቀሱኝ።" ጎረቤቶቿ አላመኗትም። አሳዘነችኝና አንድ ጊዜ ጨመርኩላት።

ገመዱን እንደነበረ ሰክቼ ቤት ገባሁና ለአባባ ሁሉንም ነገርኩት። 

"እና አንተን እንዲሰርዙህ ነው የምነቅለው?" አልኩት። "እንተወዋ። እኔ ገመድ አላየሁም፣ አንተም አልሰማህም። በየማለዳው ይውደቅ።"

"ግራ ጎኑ ሞቋል አላልሽም?"

"ሞቋል።"

"እንግዲህ አልጠፋም ማለት ነው።"

"አባባ፣ አሁን የሚያሳስብህ መጥፋቱ ነው?"

ወዲያው እትዬ ማንጠግቦሽ ሰሃን ይዛ ገባች፣ ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ይዛ ተከትላታለች። "አንድ እፍኝ ዱቄት ካላችሁ" አለች፣ ወደ ጣሪያው እያየች። አልነበረንም። ዕቃውን ገልብጬ አሳየኋት። እሷም "አውቄዋለሁ፣ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው" ብላ፣ ሰሃኑን ከጀርባዋ ደብቃ ወጣች። ልጅቷ በሩ ላይ ዞር ብላ የገለበጥኩትን ዕቃ አየችው።

አባባ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትቶ እንደገና ጠመጠመው።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠፋ ነገር ጠፋ ብዬ ቤቴ ገብቼ አላውቅም" አለ። "አንቺ ገብተሽ ይሆናል።"

ያውቅ ኖሯል። ማንም አልጠየቀኝም ያልኩት እሱንም ጨምሬ ነበር።

"ሂጂና አጥፊው፣ የኔ ልጅ። እስኪበርድ ቁሚ።"

ሄድኩ። አሥር ሰዓት ላይ ገመዱን ነቀልኩት፣ ጫፉን ቋጠርኩት፣ እጄን ግራ ጎኑ ላይ አድርጌ ቆምኩ። እያለቀስኩ ነበር፣ ግን እጄን አላነሳሁም። ቆይቶ ቆይቶ በረደ።

በማግስቱ ማለዳ ከተማው ሁሉ አደባባይ ወጣ። ላፕቶፑ ተከፈተ፣ ዘጠና ስምንት ፐርሰንት። አቶ ፈንቴ ራሳቸው እንደሞሉት ሁሉ ሕዝቡን ዞር ዞር ብለው አዩ። ስም መጠራት ጀመረ። "ማንጠግቦሽ።" "አለሁ።" "ዘርትሁን።" "አለሁ" አልኩ። "ይመኑ።" አባባ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጨርቁን አስተካከለ፣ "አለሁ" አለ። ሰው ሁሉ ወደ እግሩ አየ። ብዙዎቹ ከአሁኑ ጫማቸውን ማሰር ጀምረው ነበር።

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ስም አለቀ። ፀሐይ ግንዱን አልነካችም። አቶ ልሳኑ መዝገባቸውን ዘርግተው ማንበብ ጀመሩ። "አቶ ይመኑ፣ አጥፍተዋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ አዎ አጥፍቻለሁ፣ በየቀኑ ነው፣ አባቴም ሲያጠፋ የሚደርስበት አልነበረም ብለው…" የአቶ ፈንቴ ጣት መሰረዣው ላይ ነው።

"ይቅርታ" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነው የወጣው። "አንድ ያልተጻፈ ጥፋት አለ።"

አቶ ልሳኑ ብዕራቸውን አነሱ። ያልተጻፈ ነገር ሲሰሙ ያማቸዋል። "የማን?"

"የእኔ። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ የነቂውን ዓይን አጥፍቻለሁ።"

ሕዝቡ በሙሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጥቁር ነበር። ከትናንት ጀምሮ ሁሉም በዚያ አልፏል፣ ሁሉም "ነቅተዋል" ብሏል። ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ሰው ቀና ብሎ አያይም።

ነቂው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ጉንጫቸው ላይ የትራስ መስመር አለ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን።

"ነቂው፣" አሉ አቶ ልሳኑ፣ "ጠፍቷል ብዬ ልጻፍ?"

ሰውዬው ሲያስቡ ይታየኝ ነበር። ጠፍቷል ከተባለ፣ ከትናንት አሥር ሰዓት ጀምሮ ማንም አልነቃም። ማንም ሳይነቃ ደግሞ ከተማው አድሯል፤ ቤት አልተቃጠለም፣ ሰው አልተሰረቀም፣ እንዲያውም ላፕቶፑ ሞልቶ ተነስቷል። ይህ አንዴ ከተጻፈ የሚነበብ ነገር ነው።

"ምንም አልጠፋም" አሉ በመጨረሻ። "ዓይኑ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው።"

"ምንም?" አልኩ እኔ፣ በተቻለኝ መጠን ሞኝ መስዬ።

"ምንም አልጠፋም አልኩ።"

አቶ ልሳኑ ጻፉት። ከዚያ ገጹን ወደ ኋላ ገለጡ፣ ወደ ፊት ገለጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። "ችግር አለ" አሉ። "እዚህ ላይ አቶ ይመኑ አጥፍቻለሁ ይላሉ። እዚህ ላይ ነቂው ምንም አልጠፋም ይላሉ። ምንም ካልጠፋ ያጠፋ ሊኖር አይችልም። የሚበልጠው የነቂው ቃል ነው።" መስመሩን ከላይ እስከ ታች ሰረዙት።

አቶ ፈንቴ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። "ታዲያ ስሙን ልሰርዝ ወይስ አልሰርዝ?"

"ስሙ ይቆይ" አሉ ነቂው። "ነገር ግን ምንም በማይጠፋበት ከተማ አጥፊ ምን ይሠራል? ሥራውን ሰርዘው።"

ከ"ይመኑ" አጠገብ "አጥፊ" የሚል ቃል ነበረ። ሦስት ፊደል ናት። ቶሎ ሄደች።

አባባ ቆሞ አያት። "የአባቴም ነበረች" አለ ቀስ ብሎ።  ከዚያ ትከሻዬን ያዘና "ወፍጮው ሳይጨናነቅ እንሂድ" አለኝ። በመንገድ ላይ ስድስት ሰው ሰላም አለው። አንዱንም ሳያስቀር መለሰ።

ከዚያ ወዲህ ማጥፋት የሚባል ቃል አይነገርም። ላፕቶፑ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዘጋት ስላለበት አዲስ ሥራ ተፈጠረ። ክዳኑን የሚከድን ሰው "ከዳኝ" ይባላል፣ እኔ ነኝ። አቶ ፈንቴ ከአደባባዩ ማዶ ሆነው "ከዳኝ!" እያሉ ሲጠሩኝ፣ አላፊ መንገደኛ ቆም ብሎ "ማን ነው የከዳዎት?" ይላቸዋል። ይሳቃል። እኔም እስቃለሁ፣ ግን አቶ ልሳኑ ቃሏን መዝገባቸው ላይ ሲጽፏት አይቻለሁ። አንድ ቀን የሚይዙኝ በየትኛዋ እንደሆነ ከአሁኑ አውቃለሁ።

ገመዱን መልሶ የሰካው የለም፤ ለመሰካት ተነቅሎ ነበር ማለት ያስፈልጋል። ከግድግዳው ላይ እንደተቋጠረ ተንጠልጥሏል፣ ሌባም እስካሁን አልመጣም። መስኮቱ ጥቁር ነው። ሰው ሲያልፍ "ወደ ውስጥ ነቅተዋል" ይልና ጎንበስ ይላል። እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻ ጎንበስ አትልም። "እኔን አኩርፈውኝ ነው" ትላለች፣ "የጠቀሱኝ ዕለት ዝም ስላልኳቸው።"

ሙከራው ግን ተመልሷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ አባባ ተጋድሟል። እጄ ገና ከላፕቶፑ ብርድ ቀዝቅዛ ነበር። አጠገቡ ቁጭ እንዳልኩ አቶ ፈንቴ ፊሽካቸውን ነፉ፣ ረጅሙን። ጎረቤት ሁሉ ኮሽ ኮሽ አለ፣ በር ተከፈተ፣ ሰው ሮጠ። እኔም ሳላውቀው ተነስቼ ቆሜያለሁ።

ወደ አባባ ዞርኩ። እግሩ አልጋው ላይ ነው፣ ሁለቱም። ቀኙ አልተነቃነቀም። አፉ ትንሽ ተከፍቶ በቀስታ ያንኮራፋል።

"አባባ፣ ተኝተሃል?" አልኩት።

አልመለሰልኝም።